የመጀመሪያው ሰዓት ለማውስ ይሁን፦ ለመሠረታዊ ኮምፒውተር አሠልጣኞች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አሠልጣኞች፣ የኮምፒውተር ላብ ኃላፊዎችና የጥገና ባለሙያዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

የመሠረታዊ ኮምፒውተር ሥልጠና ማውስን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መስመር ያልፈዋል። «ማውስ የግቤት መሣሪያ ነው፤ ሁለት ቁልፍና አንድ ጎማ አለው» ይባልና ቀጥታ ወደ ዎርድ ይገባል። ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በብዕር ሲሠሩ የኖሩ ሠልጣኝ አንድ ፎልደር መክፈት ያቅታቸውና «ይሄ ነገር ለእኔ አልሆነም» ብለው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ይገፋሉ። ኮምፒውተሩ ግን አልከበዳቸውም። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ክሊክ መካከል እጃቸው ጥቂት ሸርተት ብሏል፤ ፎልደሩ ያልተከፈተው በዚህ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄያችን አንድ ነው፦ የመጀመሪያውን ሰዓት፣ ሙሉውን ሰዓት፣ ለማውስ ስጡት።

ስሙን በማስረዳት ብትጀምሩ አይከፋም። አይጥ ማለት ነው ስትሏቸው ይስቃሉ፤ የሳቀ ሰው ደግሞ እጁ ይላላል። እ.ኤ.አ. በ1964 በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ዳግላስ ኤንግልባርት ሐሳቡን አመነጨ፣ ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ ሠራው። ያኔ የእንጨት ሳጥን ነበር፤ ከላዩ አንዲት ቁልፍ፣ ከሥሩ ደግሞ ሁለት የብረት ጎማዎች ነበሩት። አንደኛው ጎማ የወደ ጎኑን፣ ሌላኛው የወደ ፊትና ወደ ኋላውን እንቅስቃሴ ይለካል። ኬብሉም በመጀመሪያ በኋላ በኩል እንደ ጅራት ይወጣ ነበር፤ እጅ ላይ እየተጠላለፈ ሲያስቸግር ነው ወደ ፊት የዞረው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 9 ቀን 1968 በሳን ፍራንሲስኮ ለሕዝብ ታየ፣ በ1970 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ።

ከዚህ ታሪክ ለክፍላችሁ የሚጠቅመው ዓመቱ አይደለም፤ የሁለቱ ጎማዎች አሠራር ነው። ማውስ የት እንዳለ አያውቅም። የሚያውቀው ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ብቻ ነው። ዛሬ ጎማዎቹ ቀርተው ከሥሩ ትንሽ መብራትና ትንሽ ካሜራ ገብተውለታል። ካሜራው የጠረጴዛውን ገጽ በሰከንድ ከሺህ ጊዜ በላይ እያነሳ አንዱን ምስል ከሌላው ጋር ያነጻጽራል፤ ልዩነቱን ቆጥሮ «ይህን ያህል ወደ ቀኝ፣ ይህን ያህል ወደ ላይ» ብሎ ለኮምፒውተሩ ይነግራል። ከጠረጴዛው ካነሳችሁት የሚያየው ስለሌለ ጠቋሚው ባለበት ይቆማል።

ጀማሪ ሁሉ «ጠረጴዛው አለቀብኝ» የሚልበት ጊዜ አለ። ጠቋሚው ማያ ገጹ መሃል ሳለ ማውሱ ጠርዝ ላይ ይደርስና ክንዱን ዘርግቶ ይቀራል። መፍትሔው ማንሳት፣ ወደ መሃል መልሶ ማስቀመጥና መቀጠል ነው። ለእኛ ይህ ሳናስበው የምናደርገው ነገር ስለሆነ ማንም ሲያስተምረው አይታይም። አሥር ጊዜ አሠሯቸው፤ አንሱ፣ መልሱ፣ ቀጥሉ።

አያያዙ ላይም ቆዩ። መዳፍ ከጀርባው ላይ ያርፋል፣ አውራ ጣት በአንድ ጎን፣ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት በሌላው ጎን ይይዙታል። ጠቋሚ ጣት በአንዱ ቁልፍ ላይ፣ መሃል ጣት በሌላው ላይ ትተኛለች፤ ለመጫን ብለው ከላይ ዘለው የሚወርዱ ከሆነ ማውሱ ይናጋል። ሌላም አለ፦ ብዙ ጀማሪ ማውሱን ወደ ጎን አዙሮ ይይዘዋል። ያን ጊዜ እጁ ወደ ላይ ሲሄድ ጠቋሚው በሰያፍ ይሸሻል፤ እሱም «ተበላሽቷል» ይላል። ኬብሉ ቀጥታ ወደ ማያ ገጹ ይዙር። ማውሱ ከኪቦርዱ አጠገብና በእኩል ከፍታ ይቀመጥ፣ ክርን ከጎን አይራቅ። ዓይን ደግሞ ማያ ገጹ ላይ እንጂ እጅ ላይ አይሁን።

ሠልጣኞች ከመግባታቸው በፊት እናንተ የምትሠሩት አለ። በዊንዶውስ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ የማውስን ቅንብር ክፈቱ። የጠቋሚው ፍጥነት 11 እርከን አለው፤ ሲመጣ መሃሉ ላይ፣ ማለትም 6ኛው ላይ ነው። ለጀማሪ ወደ 4ኛው አውርዱት። የደብል ክሊክ ፍጥነቱም ሲመጣ ግማሽ ሰከንድ ነው፤ ሁለቱ ክሊኮች በዚያ ውስጥ ካልወደቁ እንደ ሁለት ለየብቻ ክሊኮች ይቆጠራሉ። እሱንም ወደ ዝግታው ጎትቱት። የጠቋሚ ትክክለኛነትን አሻሽል የሚለውን ምልክት ደግሞ አጥፉት። ስሙ ያማልላል፤ ሥራው ግን እጅ ሲፈጥን ጠቋሚውን ይበልጥ ማስፈንጠር ነው። እጁ ገና ላልተገራ ሰው ጠቋሚው ዛሬ እንዲህ፣ ነገ እንዲያ የሚሆንበት በዚህ ምክንያት ነው። ለለመደ ሰው ይጠቅማል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ግን ባይኖር ይሻላል።

ትምህርቱ ሲጀመር ክሊክ የሚባል ነገር አታንሱ። አሥር ደቂቃ መንቀሳቀስ ብቻ፦ ጠቋሚውን ወደ አራቱ ማዕዘን፣ ከዚያ ከአንዱ አይከን ወደ ሌላው። ቀጥሎ ነጠላ ክሊክ። እዚህ ጋ ልመና አለን፦ «ግራውን ተጫኑ» አትበሉ፤ «በጠቋሚ ጣት ተጫኑ» በሉ። ግራና ቀኝ በድንጋጤ ሰዓት ይምታታል፣ ጣት ግን አይምታታም። በግራ እጁ የሚሠራ ሠልጣኝ ቁልፎቹን በቅንብር ቢያቀያይርም «በጠቋሚ ጣት» የሚለው ትእዛዝ ለእሱም ያገለግላል። ግራኙን ወደ ቀኝ አታስገድዱት። ማውሱን በኪቦርዱ ግራ በኩል አድርጉለት፣ መቀያየሩን ከፈለገ በራሱ የተጠቃሚ ስም ይሁን፤ አለዚያ ከሰዓት በኋላ በዚያ ማሽን ላይ የሚቀመጠው ሰው ግራ ይጋባል።

ደብል ክሊክ ነው ብዙ ሰው የሚወድቅበት። ፍጥነት ብቻውን አይበቃም፤ በሁለቱ ክሊኮች መካከል ጠቋሚው ከጥቂት ፒክስል በላይ ከተንቀሳቀሰ አይቆጠርም። ጠንክሮ የሚጫን እጅ ማውሱን ይገፋዋል፤ ስለዚህ «ቀስ ብላችሁ ንኩት» የሚለው ምክር «ፈጠን በሉ» ከሚለው ይሻላል። የፋይሉን ስም በዝግታ ሁለቴ የነካ ሰው ደግሞ ስም መቀየሪያ ይከፈትበታል፤ ስሙ በሰማያዊ ይቀባና ሠልጣኙ ይደነግጣል። ኢስኬፕ ተጫኑ፣ ይመለሳል። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አዛውንት ካሉ አንድ ጊዜ ክሊክ አድርገው ኢንተር ይጫኑ። ፎልደሩ ይከፈታል፤ ያው ነው።

ደብል ክሊክን የለመደ ሰው በተራው ሁሉንም ነገር ደብል ክሊክ ያደርጋል። ዴስክቶፕ ላይና ፎልደር ውስጥ ያለ ነገር ሁለቴ፣ ሜኑ፣ ሊንክና ቁልፍ አንዴ። ድረ ገጽ ላይ የተሞላ ቅጽ ሲላክ «ላክ» የሚለውን ሁለቴ መጫን ቅጹን ሁለት ጊዜ ሊልከው ይችላል፤ ክፍያ ያለበት ሲሆን ቀልድ አይደለም።

መጎተትን በካርታ ጨዋታ አስተምሩ። ሶሊቴር እ.ኤ.አ. በ1990 ከዊንዶውስ 3.0 ጋር የወጣ ነው፤ ይዞ መጎተትና መልቀቅን ሳያስቡት ያስለምዳል። ኃላፊዎች ሲያዩ «ይጫወታሉ» ይላሉ፤ ይበሉ። ከጨዋታው ቀጥሎ ፋይል መጎተት ይምጣ። በአንድ ድራይቭ ውስጥ ከፎልደር ወደ ፎልደር የተጎተተ ፋይል ይዛወራል፤ ወደ ፍላሽ ከተጎተተ ግን ይገለበጣል፣ ዋናው ባለበት ይቀራል። ኮንትሮል ተይዞ ከተጎተተ ሁልጊዜ ይገለበጣል፣ ሺፍት ተይዞ ከሆነ ይዛወራል። ይህን መሸምደድ የማይፈልግ ሰው በመሃል ጣቱ፣ በራይት ክሊኩ ቁልፍ ይጎትት፤ ሲለቅ ኮምፒውተሩ ራሱ «ልገልብጠው ወይስ ላዛውረው?» ብሎ ይጠይቀዋል። «ፋይሌ ጠፋ» ከሚሉት ብዙዎቹ ጣታቸው በክሊክ መሃል ተንሸራቶ ፋይሉን ጎረቤት ፎልደር ውስጥ የጣሉት ናቸው። ሌላ ነገር ሳይነኩ ኮንትሮልና ዜድ ይጫኑ፣ ይመለሳል። ገና እየጎተቱ ሳለ ስህተቱን ካዩት ኢስኬፕ ይበቃል።

ጎማው ብዙ አያስቸግርም። ግን ኮንትሮል ሳያውቁት ተይዞ ጎማው ከዞረ ገጹ ይተልቃል ወይም ያንሳል፤ ብራውዘር ላይ ኮንትሮልና ዜሮ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል።

አሁን ወደ ጥገናው። ጠቋሚው ያለ ምክንያት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ገልብጡና ሌንሱን እዩ፤ አንዲት ፀጉር ትበቃለች። በደረቅ የጥጥ እንጨት አውጧት፣ የደረቀ ቆሻሻ ካለ ጥጡን በትንሽ አልኮል አርጥቡት፤ መጀመሪያ ማውሱን ከኮምፒውተሩ ንቀሉ። መስታወት ጠረጴዛ ላይ ካሜራው የሚያነጻጽረው ነጥብ ስለማያገኝ ጠቋሚው ይዘላል ወይም ይሞታል፤ ፓድ ከሌለ አንድ ኤ4 ወረቀት ከሥሩ አድርጉ።

አንድ ጊዜ ተነክቶ ሁለቴ የሚሠራ ማውስ፣ ወይም ሲጎትቱት በመሃል የሚለቅ፣ የውስጥ ስዊቹ አልቋል። ስዊቹ ውስጥ ያለችው ቀጭን የብረት ምላስ ደክማ ስትነካ ትዘላለች። ማጽዳት አያድነውም፤ ቅንብርም አያድነውም። መበየድ የሚችል ሰው ካለ ግን አዲስ ስዊች ሳይገዛ ሊያድነው ይችላል፦ በብዙ ማውሶች የሁለቱ ቁልፎች ስዊች አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ብዙም ያልተሠራበትን የመሃል ጣቱን ስዊች ነቅሎ በጠቋሚ ጣቱ ቦታ ማስገባት ነው።

የሚቆራረጥ ባለ ኬብል ማውስ አብዛኛውን ጊዜ ኬብሉ ከማውሱ በሚወጣበት አንገት ላይ ውስጡ ተቆርጧል፤ እዚያ ጋ ያዝ አድርጋችሁ አጠፍ ዘርጋ አድርጉት፣ ከመጣና ከሄደ አገኛችሁት። ገመድ አልባው ከተንተባተበ ባትሪውን ቀይሩ። ባትሪው አዲስ ሆኖም ካልተሻለ ተቀባዩን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካውን ትንሽ ዕቃ፣ ተመልከቱ፦ ከብረት ሳጥኑ ጀርባ፣ ከሚሠራ ዩኤስቢ 3 ዕቃ ጎን ተሰክቶ ከሆነ፣ የዚያ ረብሻ የማውሱን 2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ያውከዋል። ወደ ፊት ለፊት አምጡት። አሮጌ ላቦች ላይ ደግሞ አረንጓዴው ክብ የፒኤስ 2 መሰኪያ አለ፤ ኮምፒውተሩ በርቶ እያለ አትሰኩ፣ አትንቀሉ፤ አጥፍታችሁ ሰክታችሁ አብሩ።

ማውሱ በሥራ መሃል ከሞተም ሥራው አይጠፋም። ኮንትሮልና ኤስ ተጭነው ሰነዱን ያስቀምጡ። ከዚያ ግራውን አልት፣ ግራውን ሺፍትና ነም ሎክን አንድ ላይ ተጭነው በሚመጣው ጥያቄ ላይ ኢንተር ይበሉ፤ በቀኝ በኩል ያለው የቁጥር ሰሌዳ ማውስ ይሆናል። በ5 ዙሪያ ያሉት ቁጥሮች ጠቋሚውን ይነዳሉ፣ 5 ክሊክ ነው፣ የመደመር ምልክቱ ደብል ክሊክ፣ 0 ይዞ መጎተት፣ ነጥቡ መልቀቅ።

በየጠረጴዛችሁ ላይ አምስት አምስት ማውስ አስቀምጠናል፤ በእያንዳንዱ ጠረጴዛ ሁለቱ ብልሽት አለባቸው። ሌንሱን፣ አንገቱን፣ ከዚያ ስዊቹን በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹና ያገኛችሁትን ጀርባው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ጻፉ። ሃያ ደቂቃ አላችሁ።