«እሱ እኮ መጠጥ ይችላል»

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ብዙ ጊዜ ሲያብሰለስለኝ ስለቆየ ሙገሳ ነው የማወራችሁ። «እሱ እኮ መጠጥ ይችላል» ስለሚባለው።

አጎቴ በዚህ ይደነቅ ነበር። ሠርግ ላይ ሌላው በሁለት ብርሌ ጠጅ ምላሱ ሲተሳሰር፣ እሱ ስድስተኛውን ጨብጦ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጨዋታው አይዛነፍም። ሰው ሁሉ «ወንድ!» ይለዋል። ኋላ ላይ ግን ጠዋት አረቄ ካልቀመሰ የቡና ስኒ መያዝ አቃተው። ያኔ እነዚያው ሰዎች «ራሱን መግዛት ያቃተው» አሉት። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ማርክ ሹኪት የሚባሉ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም አሉ። ሳንዲያጎ ውስጥ ወጣት ወንዶችን ሰበሰቡ። ግማሾቹ አባቶቻቸው የአልኮል ሱሰኞች ነበሩ። ለሁሉም የተለካ አልኮል ሰጧቸው። ከዚያ «ምን ያህል ሞቅ አለህ?» ብለው ጠየቁ፤ አቁመውም ሰውነታቸው ምን ያህል እንደሚወዛወዝ ለኩ። ከአስር ዓመት ገደማ በኋላ ተመልሰው አዩአቸው። ከሱሰኞቹ ልጆች መካከል መጠጡ ብዙም ካልተሰማቸው 56 በመቶው ሱስ ውስጥ ገብተው ነበር። ቶሎ ከተሰማቸው ግን 14 በመቶው ብቻ።

ልብ በሉ! የምናደንቀው ነገር የአደጋ ምልክት ሆኖ ተገኘ። ነገሩ ሲታሰብ ግልጽ ነው። «በቃህ» የሚለው ደወል የማይሰማው ሰው ይደግማል፤ ይደጋግማል። ሰውነቱም እየለመደ ይሄዳል።

«አባቱን አይቶ ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። ዴንማርክ ውስጥ ግን በሕፃንነታቸው ለማደጎ የተሰጡ ወንዶች ተጠንተዋል፤ ውጤቱ የወጣው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። የሱሰኛ ልጆች የሆኑት፣ ሌላ ቤት አድገውም፣ ለሱስ የመጋለጥ ዕድላቸው አራት እጥፍ ገደማ ነበር። የመንትዮች ጥናቶችም ከተጋላጭነቱ ግማሽ ያህሉን ለዘር ይሰጡታል። ከወላጅ የሚወረስ አንድ «የሱስ ጂን» የሚባል ቅንጣት ግን የለም። ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ያዋጣል።

ዘር ደግሞ ፍርድ አይደለም። ብዙ ጃፓናውያን ሲጠጡ ፊታቸው የሚቀላበት፣ ልባቸው በኃይል የሚመታበት ጂን አላቸው። ከሱስ ይከላከላል። ሆኖም ከጃፓን ሱሰኞች መካከል ይህን ጂን ከአንድ ወላጅ የወረሱት በ1979 እ.ኤ.አ. 2.5 በመቶ ነበሩ፤ በ1992 እ.ኤ.አ. 13 በመቶ ደረሱ። በ13 ዓመት ዘር አይለወጥም። የተለወጠው አኗኗር ነው።

የእህቴን ልጅ ጓደኞቹ አሁን «ይችላል» እያሉት ነው። ቁጭ አድርጌ ሁሉንም ነገርኩት። ስላልሰከርክ አትመን፣ ብርጭቆውን ቁጠር፤ ባትጀምረው ደግሞ እሰየው አልኩት። ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ቤታችሁ ካለ ግን «ዛሬውኑ ተው» አትበሉት፤ በድንገት ማቆም ሊገድል ይችላል። ይዛችሁት ሐኪም ጋ ሂዱ። መድኃኒት አለው።