ግንቡን ጠብቀን ሠራተኛውን አንርሳ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ እህቶችና ወንድሞች፤ ከበርሚንግሃም፣ ከደርቢና ከሌስተር ድረስ የመጣችሁ ሁሉ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አዘጋጆቹ «ስለምንኖርበት ከተማ ታሪክ ትንሽ ንገረን» ብለውኝ ነው ፊታችሁ የቆምኩት። የዚህች የእንግሊዝ ከተማ፣ የበርተን፣ ታሪክ ደግሞ ቢራ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ መጠጥ አፉ የማያስነካ ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ አከብራለሁም። እኔ የመጣሁት ስለ ሥራና ስለ ሠራተኛ ላወራ ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከውሃው ነው። ከዚህ ከተማ ሥር የሚወጣው የጉድጓድ ውሃ ጂፕሰም የበዛበት ነው። ፈካ ያለውንና መረር የሚለውን ቢራ በደንብ ያወጣል። ዛሬ በሌላ አገር ያሉ ጠማቂዎች ሳይቀሩ የራሳቸው ውሃ የበርተንን እንዲመስል ብለው ማዕድን ይጨምሩበታል። ዊሊያም ባስ እዚህ ፋብሪካ የከፈተው በ1777 ነው። መቶ ዓመት ሲሞላው የባስ ፋብሪካ ከዓለም ትልቁ ሆኖ ነበር፤ በዓመት ወደ አንድ ሚሊዮን በርሜል ያመርት ነበር። ያ ቀዩ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክቱ በ1876 በብሪታንያ የንግድ ምልክቶች መዝገብ ላይ ቁጥር 1 ሆኖ ሰፍሯል።

ለንደን ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ ሄዳችሁ፣ ከፓሪስ ወይም ከብራስልስ በባቡር የመጣ ዘመድ የተቀበላችሁ አላችሁ አይደል? ያ ሱቅ የሞላበት የታችኛው ወለል የበርተን ቢራ መጋዘን ነበር። ጣቢያው በ1868 ሲከፈት፣ የብረት ምሰሶዎቹ የተተከሉት የቢራ በርሜል እንዲመች ተለክቶ ነው። የዋና ከተማው ጣቢያ በዚህች ትንሽ ከተማ በርሜል ልክ ተሠራ ማለት ነው!

አሁን ወደመጣሁበት ጉዳይ ልግባ። ቢራ ያለ ብቅል አይሆንም። ብቅል ደግሞ ያለ ሰው ጉልበት አይሆንም ነበር። ብቅል ቤቶቹን ከውጭ አይታችኋቸው ይሆናል። ቀይ ሸክላ ጡብ፣ ረጅም ግድግዳ፣ በረድፍ የተደረደሩ ትንንሽ መስኮቶች። ውስጡ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። ገብሱ ሁለት ሦስት ቀን ይዘፈዘፋል። ከዚያ ወለሉ ላይ ይሰጣል። ሥሩ እንዳይያያዝና እንዳይግል ሌት ተቀን በእንጨት አካፋ መገላበጥ አለበት። እሑድ የለም፣ በዓል የለም። አካፋው የእንጨት የሆነው ፍሬውን እንዳይደቁሰው ነው። በደንብ ሲበቅል ወደ ምድጃው ቤት ይገባና፣ ቀዳዳ ባለው የሸክላ ወለል ላይ ከሥር በሚነደው እሳት ይደርቃል።

እናቶች ፈገግ ስትሉ አያለሁ። ይህን ሥራ ከእኔ በላይ እናንተ ታውቁታላችሁ።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ በነበረ ጊዜ ለጠላ የሚሆን ብቅል አበቀለች። ኮባ ከየት ይምጣ፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችው። ፀሐይ የወጣ ቀን ጓሮ አንሶላ ላይ አስጥታ፣ እርግብ እንዳይለቅመው አጠገቡ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ጎረቤቴ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ እንግሊዛዊ ነበር፤ ሰላምታ እንጂ ሌላ ወሬ አልነበረንም። ሽታው ጠራው መሰለኝ አጥሩ ጋ መጣ። ፈቃድ ጠይቆ ገባ። ጎንበስ ብሎ አንዲት ፍሬ አነሳ። በጥርሱ ነከስ አደረጋት። ሌላ አንስቶ ደግሞ ቅርፊቷን በጥፍሩ ላጠና፣ ቡቃያዋ ከቅርፊቱ ሥር እስከየት እንደደረሰች አየ። ሦስት አራተኛው ላይ በጥፍሩ ምልክት አድርጎ ለእናቴ አሳያት። «እኛ እዚህ ስትደርስ ነበር ወደ እሳት የምናስገባት፤ ያንቺ አልፋለች» አላት። ተረጎምኩላት። እናቴ ትንሽ ቆጣ አለች። «ለጠላ እንደዚህ ነው የሚሆነው በለው!» አለችኝ። ከዚያ ሁለቱም ተንበርክከው ፍሬ እያነሱ መንከስ ጀመሩ። እኔ አስተርጓሚው ሥራ ፈታሁ።

ሰውዬው ለካስ በወጣትነቱ ብቅል ቤት ይሠራ ነበር። ያን ቀን ቡና ተፈላ፤ ሦስተኛው ተጠጥቶም ወሬው አላለቀም። የብቅሉን ሙቀት በእጃቸው እንዴት እንደሚለኩ ነገረን። በሌሊት ተነስቶ መገላበጥ ወገብን እንዴት እንደሚያደርግ፣ ከምድጃው ቤት ትኩስ ብቅል ማውጣት ምን እንደሚመስል ነገረን። ሲሄድ በር ላይ ቆመና «እስከ ዛሬ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም» አለ።

ወገኖቼ፣ ያ ሰው ዛሬ በሕይወት የለም። በዚህ ከተማ ጎዳና የሚያልፍ ሁሉ የቢራ ጌቶቹን ስም ያነባል። ባስን፣ ኦልሶፕን፣ ዎርዚንግተንን። ብቅሉን ያገላበጠውን ሰው ስም የት ነው የምናነበው?

ሌላም አለ። በየዓመቱ መኸር ካለፈ በኋላ ከምሥራቅ እንግሊዝ፣ ከኖርፎክና ከሰፎክ፣ ገበሬ ወጣቶች በባቡር ወደዚህ ይመጡ ነበር። በክረምት አገራቸው ሥራ የለም። ብቅል ደግሞ የሚሠራው በቀዝቃዛው ወራት ነው፤ ሙቀት ሲመጣ ያበላሸዋል። ጠንካራ ጠንካራው ተመርጦ ይመጣል። አንዱ የገብስ ከረጢት አንድ ኩንታል ገደማ ነበር፤ በትከሻ ይሸከሙታል። የከተማው ሰው «ኖርኪ» ይላቸው ነበር። ሥራው ሲያልቅ አዲስ ሙሉ ልብስ ገዝተው ለብሰው ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ይህ ታሪክ ለእኛ እንግዳ ነው? እዚህ አካባቢ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ያልሠራ ስንቶቻችን ነን? ለአገር ቤት ጉዞ አዲስ ልብስ ያልገዛስ ማን አለ?

ታዲያ ምን ተደረገ? በ1977 የተከፈተ የቢራ ሙዚየም እዚሁ ነበረን። በቀድሞው የባስ አናጺዎች ሕንጻ ውስጥ። ልጆቻችን ግዙፎቹን የሻየር ፈረሶች ያዩት፣ በ1921 ከተማዋ ምን ትመስል እንደነበር የሚያሳየውን በትንሹ የተሠራ ሞዴል ያዩት እዚያ ነው። በ2008 ተዘጋ፤ ሕዝቡ ጮኾ በ2010 ተከፈተ። በ2022 ደግሞ እንደገና ተዘጋ። ለምን? ሕንጻው ለቢሮ ስለተፈለገ! በዓለም ላይ ስሟ በቢራ የታወቀ ከተማ፣ የራሷን ታሪክ የምታሳይበት ቤት ለጠረጴዛና ለኮምፒውተር ለቀቀች። እኔ ይህን ልማት ብዬ አልጠራውም። ብትቆጡም ልናገረው፣ ይህ ውርደት ነው።

«ሕንጻዎቹኮ ተጠብቀዋል» የሚሉን አሉ። አዎ፣ አንዳንዶቹ አፓርታማ ሆነዋል። በእንግሊዝ ብዙ ከተማ እንደዚሁ ነው፤ «ብቅል ቤት» የሚለው ስም በሩ ላይ ይቀራል፣ ኪራዩ ሰማይ ይነካል። ውስጥ የሚተኛው ሰው ግን አልጋው ሥር ማን ሲገላብጥ እንዳደረ አያውቅም። ያልተጠበቀውንም እናንሳ። ባስ ሊንከንሺር ውስጥ ስሊፎርድ ላይ ያሠራው ስምንት ብቅል ቤት ከዳር እስከ ዳር ሦስት መቶ ሜትር ገደማ ነው። በ1907 አለቀ፣ በ1959 ሥራ አቆመ፣ በ1976 እሳት በላው።

የበርተን ዩኒየን የሚባለው፣ በርሜሎች በቧንቧ ተያይዘው ቢራው የሚብላላበት ዘዴም በ2024 እዚህ ቆመ። አንዱን ረድፍ ያተረፈው ጎረቤት ደርቢሺር ያለ ጠማቂ ነው። እነሱን አመሰግናለሁ። ለእኛ ከተማ ግን አፍራለሁ።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ስሙ ብቅል ቤት በሆነ ሕንጻ ሁሉ ላይ የሠራተኞቹ ታሪክ የተጻፈበት ሰሌዳ እንዲሰቀል ለከተማው ምክር ቤት ደብዳቤ አዘጋጅተናል፤ ፈርሙ። ግብር የምንከፍል ነዋሪዎች ነን፤ ይመለከተናል። ሁለተኛ፣ ጎረቤታችሁ ያሉትን ሽማግሌዎች ጠይቁ። በስልካችሁ ቅዱ። የእናቶቻችንንም አትርሱ፤ ብቅል አበቃቀሉን፣ ጥንስሱን፣ ጋኑን በወይራ ማጠኑን ቅዱ። ልጆቻችን በእንግሊዝኛ ቢጠይቋቸውም ችግር የለውም፣ ብቻ ይጠይቁ።

ደብዳቤው መውጫው በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እስክሪብቶም አለ። ስለሰማችሁኝ አመሰግናለሁ።