ፎቶ፣ መቃብርና የአያት ሣጥን፦ ዘመናቸውን እንዴት እንጠይቃቸው

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ የተሰበሰብነው ስለ ቤተ ዘመድ ታሪክ ልንነጋገር ነው፤ ያውም ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ፎቶ፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ካለው መቃብርና ከአያት ሣጥን ስለሚገኘው። ብዙ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ስም ይዞ ነው። እኛ ጋ ግን ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የሚወርድ የቤተሰብ ስም የለም። የአባት ስም በየትውልዱ ይቀየራል፤ ሴትም ብታገባ በአባቷ ስም ትኖራለች። በዚያ ላይ አንድ ሰው ሁለት ሦስት ስም አለው፦ እናት ያወጣችለት፣ የክርስትና ስም፣ ለሙሽራ ደግሞ አማት የምታወጣላት፣ ለፈረሰኛ የፈረስ ስም። ሰፈሩ «አበበ» የሚለው ሰው በደብሩ «ገብረ ሚካኤል» ነው። ስለዚህ ስም ብቻውን አያደርስም፤ ከቦታ፣ ከደብርና ከዘመን ጋር መያያዝ አለበት። ከሦስቱ ብዙ ሰው የሚስተው ዘመኑን ነው። ዕቃው ላይ የተጻፈውን ዓመት አይቶ ያምናል።

ከሣጥኑ ልጀምር። በየቤቱ አንድ ጠገራ ብር ይገኛል፤ የማሪያ ቴሬዛ የሚባለው። ላዩ ላይ 1780 ይላል። «ከቅድመ አያታችን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሲወራረስ የመጣ ነው» የሚል ቤተሰብ ብዙ ነው። 1780 በፈረንጅ አቆጣጠር ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ጠገራ ሁሉ፣ ዛሬ የሚመታውም ጭምር፣ ያንኑ ቁጥር ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ጠገራው ስለ ቅድመ አያታችሁ ዘመን የሚነግራችሁ ምንም የለም። የሚነግራችሁ ጌጥ መሆኑን ነው፦ ለአንገት ጌጥ የተበሳ ወይም ጆሮ የተበየደለት ከሆነ የሴት ንብረት ነበር፤ ስለዚህ ጥያቄው ወደ እናት ወገን ይሂድ። ሚዛን ላይ 28 ግራም ገደማ ካልመጣ ደግሞ ተመስሎ የተሠራ ሊሆን ይችላል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞችም ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው፤ 1936 ይላሉ እንጂ በዚያው ዓመተ ምሕረት ለብዙ ዓመታት ተመትተዋል። በጠቅላላው ሳንቲም የሚናገረው «ከዚህ ዓመት በፊት አይደለም» የሚለውን ብቻ ነው።

ሜዳሊያ የተሻለ ምስክር ነው። ሰማያዊና ነጭ መስመር ባለው ጥብጣብ የተንጠለጠለ፣ ጽሑፉ በአማርኛ የሆነ የተባበሩት መንግሥታት ሜዳሊያ ካገኛችሁ ባለቤቱ ኮሪያ ዘምቷል ማለት ነው፤ የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ የሄደው በ1943 ዓ.ም. ነው። ያ ሰው በክብር ዘበኛ ልብስ የተነሣው ፎቶ ላይ ሜዳሊያው ከሌለ፣ ፎቶው ከዘመቻው በፊት የተነሣ ሊሆን ይችላል። ሜዳሊያው ሣጥን ውስጥ፣ ፎቶው ግድግዳ ላይ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ነው የሚመሰክሩት።

ዳዊትና ክታብ ካላችሁ ቀስ ብላችሁ ግለጡ። በዳዊቱ መጀመሪያና መጨረሻ ባዶ ቅጠሎች ላይ የልደት፣ የሞት፣ የመሬት ሽያጭ ማስታወሻ ይጻፍ ነበር። በጸሎቱ መካከል የባለቤቱ የክርስትና ስም ይገባል፤ መጽሐፉ ሲሸጥ አዲሱ ባለቤት የፊተኛውን ፍቆ የራሱን ያስጽፋል። የተፋቀውን በጣታችሁ አትንኩ፣ ውሃም አታስነኩ። ከጎን በባትሪ መብራት አብርታችሁ ፎቶ አንሡ፤ የብዕሩ ጭረት ብዙ ጊዜ ብራናው ላይ ይቀራል። ክታብም እንዲሁ ነው፦ «ለወለተ…» የሚለው ስም ከአንድ በላይ በሆነ እጅ ተጽፎ ከታየ ክታቡ ከአንዲት ሴት ወደ ሌላዋ አልፏል።

የግብር ደረሰኝ አትጣሉ። ሰው ሁሉ የሚያየው ብሩን ነው፤ ቁም ነገሩ ግን የባለ መሬቱ ስም ከነማዕረጉ፣ ከነአጥቢያው መጻፉ ላይ ነው። በ1930 ደረሰኝ «ባላምባራስ»፣ በ1945 ደረሰኝ «ቀኛዝማች» ካለ በመካከሉ ሹመት አለ ማለት ነው፤ ማዕረግ ያልተጻፈበትን ሌላ ወረቀት የት እንደምታስገቡት በዚህ ታውቃላችሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልናገር፦ በርስት አገር ሽማግሌ የዘር ሐረግ የሚቆጥረው ለክርክር ነበር። ከአቅኚው አባት ጋር የሚያገናኝ ሐረግ ያለው መሬት ይካፈላል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ እስከ ወጣ ድረስ አንዲት አያት መዝለል ወይም መጨመር በገንዘብ የሚተመን ነገር ነበር። ስለዚህ በዳኝነት ወረቀት ላይ ያገኛችሁትን ሐረግ አክብራችሁ ያዙት፤ ግን በሌላ ወገን ሳይረጋገጥ አትቀበሉት።

ወደ ፎቶው እንምጣ። ፊቱን ከማየታችሁ በፊት ጀርባውን እዩ። የስቱዲዮ ማኅተም፣ በእርሳስ የተጻፈ የኔጌቲቭ (ፎቶው የታተመበት ፊልም) ቁጥር፣ የወረቀቱ ፋብሪካ ምልክት እዚያ ነው ያለው። አንዳንዱ ስቱዲዮ ደግሞ ከፊት ለፊት በታችኛው ማዕዘን ላይ ያለ ቀለም የተጫነ ማኅተም ያሳርፋል፤ ከጎን ብርሃን ካላገኘ አይታይም። ወረቀቱን በጣታችሁ ዳስሱ፦ ጀርባው እንደ ካርቶን ደረቅ ከሆነ የድሮው ዓይነት ነው፤ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ካለ ጥቁርና ነጭም ቢሆን ከ1965 ዓ.ም. ገደማ በፊት የታተመ አይደለም። ግን የታተመበትና የተነሣበት ዘመን አንድ ላይሆን ይችላል። የአርበኛ ፎቶ በፕላስቲክ ወረቀት ላይ ካያችሁ ከአሮጌ ፎቶ ላይ እንደገና የተነሣ ነው፤ ምልክቱም እጥፋቱና እድፉ በምስሉ ውስጥ ይታያል፣ ወረቀቱ ግን ለስላሳ ነው። ያኔ ዋናው የማን ቤት እንዳለ ጠይቁ።

ልብስን አትመኑ። ስቱዲዮ ኮትና ከረባት ያውስ ነበር፤ ስለዚህ ከረባት ያሰረ ሁሉ የቢሮ ሰው አይደለም። ጀርባ ያለው ሥዕል የተሣለበት መጋረጃ ግን አይዋሽም፤ አንድ መጋረጃ በሁለት ፎቶ ላይ ከታየ ያው ስቱዲዮ ነው፣ ምናልባትም ያው ዓመት። ሜዳሊያ የሚደረገው በግራ ደረት ነው፤ በቀኝ ከታየ ኔጌቲቩ ተገልብጦ ታትሟል፣ ስለዚህ «ከግራ ወደ ቀኝ» ብላችሁ ስም ከመጻፋችሁ በፊት ምስሉን አስተካክሉ።

የሴቶቹን ነጠላ ተመልከቱ። ጥለቱ ወደ ታች ሳይሆን ተዘቅዝቆ ፊት አጠገብ ከሆነ ሐዘን ላይ ናቸው። ከአንድ ፎቶ ውስጥ ሦስት ሴቶች ነጠላ አዘቅዝቀው ካያችሁ «እማማ፣ ያን ጊዜ ማን ሞቶ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ዓመቱን የረሱ እናት ሞቱን አይረሱም።

ስለ ዓመተ ምሕረቱም ልብ በሉ። የእኛና የፈረንጁ አቆጣጠር ልዩነት ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። በጠላት ጊዜ ከተነሡት አንዳንዶቹ ጀርባ ላይ በሮማ ቁጥር የፋሺስት ዓመት አለ፤ 16 የሚል ከሆነ ከጥቅምት 1930 እስከ ጥቅምት 1931 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ነው። ቤት የቀረው ፎቶ ጀርባው ባዶ ሲሆን፣ በደብዳቤ ተልኮ ዋሽንግተን ወይም ሮም የሚገኘው ቅጂ ግን «ለመታሰቢያ ይሁንህ» ብሎ ቀንና አገር ይጠቅሳል። ስለዚህ ውጭ ያለ ዘመድ ፎቶ ላኩልን ሲባል ፊቱን ብቻ አንሥቶ እንዳይልክ፣ ጀርባውንም ጨምሮ ይላክ በሉት።

መቃብር ዘንድ ስትሄዱ የብረት ብሩሽ፣ በረኪና፣ ኖራና ከሰል ይዛችሁ አትሂዱ። በረኪና ድንጋዩ ውስጥ ጨው ይተዋል፤ ጨው ሲደርቅ ይጠጥርና ፊቱን ይልጠዋል፤ ከዓመት በኋላ ፊደሉ የለም። የሚበቃችሁ ንጹሕ ውሃ፣ ለስላሳ የፀጉር ብሩሽና አንድ መስታወት ነው። ጽሑፍ የሚነበበው በጥላ ነውና ጧት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ወይም ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ወዲህ ሂዱ፤ ፀሐዩ አናት ላይ ከሆነ መስታወቱን ከጎን ይዛችሁ ብርሃኑን ድንጋዩ ላይ አጋድማችሁ ልቀቁት። መጀመሪያ ሙሉውን፣ ቀጥሎ መሥመር በመሥመር፣ በመጨረሻም የጎረቤት መቃብሮችን አንሡ። የጎረቤቱ ብዙ ጊዜ ዘመድ ነው።

የግእዝ ቁጥር ሲደበዝዝ ፮ና ፯ ይምታታሉ። መፍትሔው ሒሳብ ነው፤ የተወለዱበት 1879፣ ዕድሜያቸው 67 ከተባለ የሞቱት ፲፱፻፵፮ መሆኑ ያመዝናል፤ ፲፱፻፵፯ የሚሆነው የተወለዱበት ወር ሳይደርስ ከሞቱ ብቻ ነው። ዕድሜው በ0 ወይም በ5 የሚያልቅ ከሆነ ግን በግምት የተነገረ ሊሆን ስለሚችል ሒሳቡ አይረዳችሁም። ሌላው የሚያሳስተው ድንጋዩ የቆመበት ጊዜ ነው። ሐውልት የሚቆመው በቀብሩ ሳምንት ላይሆን ይችላል፤ በሙት ዓመት፣ በሰባተኛው ዓመት፣ ወይም ልጅ ከውጭ ሲመጣ ይሆናል። ድንጋዩ ላይ «በሸዋ ክፍለ ሀገር በ1885 ተወለዱ» ይላል እንበል። በ1885 ክፍለ ሀገር የሚባል አጠራር አልነበረም፤ ቃሉ የደርግ ዘመን ነው፤ «ጠቅላይ ግዛት» ቢል ከ1934 ዓ.ም. ወዲህ፣ ከደርግ በፊት ነበር። ስለዚህ ጽሑፉ የተቀረጸው በደርግ ጊዜ ወይም ከዚያ በኋላ ነው፤ የልደቱንም ዓመት የነገረው በዚያን ጊዜ የነበረ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው።

ገጠር ያለው መቃብር ጽሑፍ የለውም፤ የድንጋይ ክምር ብቻ ነው። ቦታውን የሚያውቅ ሽማግሌ ሳለ ይዛችሁ ሂዱና «ከቤተ ልሔሙ በስተ ምሥራቅ ይህን ያህል እርምጃ» ብላችሁ መዝግቡ፤ የስልኩን አቅጣጫ ጠቋሚም አብሩ። ዛፍን ምልክት አታድርጉ፣ ይቆረጣል። ፉካ ከሆነ ደግሞ ውሉ ጊዜ አለውና ሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ቶሎ ጠይቁ፤ አፅም የተዛወረ እንደሆነ የሚታወቀው እዚያ ነው። በሙስሊም መቃብር ዓመቱ በሂጅራ ከተጻፈ የተወሰነ ቁጥር ደምራችሁ አትለውጡት፤ የሂጅራ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ልዩነቱ በየጊዜው ይቀያየራል። ማስያ ሰንጠረዥ ተጠቀሙ። የዕድር መዝገብና ቀብር ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ ወረቀትም አይዘንጉ።

አሁን በሕይወት ያሉት። ፎቶውን በትልቁ፣ በኤፎር ወረቀት አሳትማችሁ አንድ በአንድ አሳዩአቸው፤ ፈቅደው ከሆነ ድምፁን ቅዱ። «ይህ ማነው?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ስሙ ካልመጣላቸው ያፍሩና ዝም ይላሉ። ከቤቱ፣ ከዛፉ፣ ከፎቶ አንሺው ጀምሩ። ሁለት እህትማማች ካሉ ለየብቻ ጠይቁ፤ አብረው ከተቀመጡ ታናሺቱ የታላቋን ቃል ትደግማለች። «ወንድሜ» ሲሉ የአጎት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ «በእናት ነው በአባት?» በሉ። ጉዲፈቻም አለ፤ እሱ ብቻችሁን ስትሆኑ የሚጠየቅ ነው።

ዓመት ሲጠየቁ ዘመኑን በወንጌላዊ ይናገራሉ፤ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሉ፦ 1 ከቀረ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። «እናቴ የተወለደችው በኅዳር በሽታ ዓመት፣ በዘመነ ሉቃስ» ካሉ የኅዳር በሽታ 1911 ነው፤ ለ4 ሲካፈል 3 ይቀራል፤ ቃላቸው ልክ ነው። «በዘመነ ማርቆስ» ካሉ ግን ወይ 1910 ነው፣ ወይ በሽታው ሌላ ነው። ክፉ ቀን፣ ሰገሌ፣ ማይጨው፣ የታኅሣሥ ግርግር እያላችሁ በፊት ነው በኋላ ብላችሁ አጥብቡ።

ማቆየቱን ባጭሩ ልናገር። ላሚኔት አታድርጉ፤ ሙቀቱና ሙጫው አይመለስም፤ በየሰፈሩ በፍቅር የተገደለ ፎቶ ብዙ ነው። የሚጣበቅ አልበም ውስጥ ያለውን በጥርስ ማጽጃ ክር ከሥር እየሰነጠቃችሁ አውጡት፤ እምቢ ካለ ተዉት። መስታወት ላይ የተጣበቀውን ከነመስታወቱ ቅዱት። ስካን ስታደርጉ ተራውን ፎቶ በ600 ዲፒአይ (የስካኑ የጥራት መጠን ነው)፣ 3 በ4 የሆነውን ጉርድ ፎቶ በ1200፣ ፊትና ጀርባውን፣ ቲፍ በሚባለው የፋይል ዓይነት አስቀምጡ። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል። ለስላሳ በሆነው በ4ቢ እርሳስ፣ ጠንካራ ነገር ላይ አስተኝታችሁ፣ ከዳር በኩል ሳትጫኑ ጻፉ። ፕላስቲክ ወረቀት እርሳስ አይቀበልም፤ እሱን በምትከቱበት የወረቀት ፖስታ ላይ፣ ከመክተታችሁ በፊት ጻፉ።

ከበሩ በስተቀኝ ጠረጴዛው ላይ እርሳስና ባዶ ፖስታ አለ፤ ፎቶ ይዛችሁ የመጣችሁ ከመውጣታችሁ በፊት እዚያው እንድንጽፍባቸው ወረፋ ያዙ። አመሰግናለሁ።