የጀርመንኛ ቅጽል መጨረሻው ለምን ይቀያየራል?

ጤና ይስጥልኝ! ወደ ጀርመንኛው ከመግባታችን በፊት እነዚህን ሁለት የአማርኛ ዓረፍተ ነገሮች እዩልኝ።

(ስክሪን ላይ፦ ውሻው ሰውየውን ነከሰው። ሰውየውን ውሻው ነከሰው።)

ቃላቱ ቦታ ቢቀያየሩም ነካሹ ያው ውሻው ነው። ተነካሹን የምታሳየን «ን» ናት። ጀርመንኛ ይህን ሥራ በአብዛኛው የሚሰጠው ከስሙ በፊት ለሚመጣው አርቲክል፣ ማለትም እንደ «ዴር» ላለችው ትንሽ ቃል ነው። «ዴር ሁንት ባይስት ዴን ማን» ማለት ውሻው ሰውየውን ይነክሳል ማለት ነው። ገልብጣችሁ «ዴን ማን ባይስት ዴር ሁንት» ብትሉም ሰውየው ከመነከስ አይድንም። «ዴር» ባለቤቱን፣ «ዴን» ተሳቢውን ይዘዋል። «ዴር» የወንድ ጾታ አርቲክል ነው፤ የሴቷ «ዲ» እና የግዑዙ «ዳስ» ግን ተሳቢ ሲሆኑ አይለወጡም፤ እፎይ በሉ።

አሁን ቅጽል እንጨምር። በአማርኛ «ውሻውን አየሁ» እንላለን። «ትልቅ» ሲመጣ ግን «ትልቁን ውሻ አየሁ» ይሆናል። «ን» ከስሙ ተነሥታ ቅጽሉ ላይ ዐረፈች! ማንም ሳያስተምረን የምናደርገው ነገር ነው። ስለዚህ የጀርመንኛን የቅጽል መጨረሻዎች ሰንጠረዥ ከመሸምደዳችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ልመዱ፦ ምልክቱን የተሸከመው ማን ነው?

(ስክሪን ላይ፦ ዴር ግሮሰ ሁንት / አይን ግሮሰር ሁንት)

የመጀመሪያው «ትልቁ ውሻ» ነው። «ር» አርቲክሉ ላይ ስላለች ቅጽሉ «ግሮሰ» ብሎ ዐርፎ ይቀመጣል። ሁለተኛው «አንድ ትልቅ ውሻ» ነው። «አይን» ምልክት ስለሌለው «ር» ቅጽሉ ላይ ትወጣለች። አርቲክል ጭራሽ ሲጠፋም እንዲሁ ነው። «ዳስ ካልተ ቫሰር»፣ ቀዝቃዛው ውሃ፣ ያለ አርቲክል «ካልተስ ቫሰር» ይባላል። «ስ» ከ«ዳስ» የመጣች ናት። በቀዝቃዛ ውሃ ለማለት ደግሞ «ሚት ካልተም ቫሰር»፤ «ም» የዳቲቩ (እንደ «ሚት» ካሉ ቃላት በኋላ የሚመጣው መልክ) የ«ዴም» ናት።

አርቲክሉ ራሱ ከመነሻው ከተለወጠ ቅጽሉ «ን» ይይዛል፦ «ዴን ግሮሰን ሁንት»፣ «ዴም ግሮሰን ሁንት»።

ስሙ ብዙ አያስቸግርም። ጄኒቲቭ (የማን እንደሆነ የሚያሳየው መልክ) ላይ የወንድና የግዑዝ ጾታ ስም አብዛኛውን ጊዜ «ስ» ይጨምራል፦ «ዴስ ሁንደስ»፣ የውሻው። ዳቲቭ ብዙ ቁጥር ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «ን»፦ «ሚት ዴን ኪንደርን»፣ ከልጆቹ ጋር። ልዩ የሆኑት እንደ «ሽቱዴንት» ያሉት ናቸው፤ ተሳቢ ሲሆኑ «ዴን ሽቱዴንተን» ይባላሉ። እነሱን ስታጠኑ ለብቻቸው ጻፏቸው።

አሁን ቪዲዮውን አቁሙና ሞክሩ። «ዴር ጉተ ፍሮይንት» ጥሩው ጓደኛ ነው። «አንድ ጥሩ ጓደኛ» ምን ይሆናል?

(ስክሪን ላይ፣ ከአምስት ሰከንድ በኋላ፦ አይን ጉተር ፍሮይንት)