ቡናችን ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሆነ?

በቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ዲላ

የተከበራችሁ አባ ገዳዎችና የአገር ሽማግሌዎች፣ የመሠረታዊ ማኅበራት ሊቀመናብርትና ተወካዮች፣ የዩኒየኑ የቦርድ አባላት፣ እናቶቼና አባቶቼ፤

አዘጋጆቹ «የዓለም ቡና ገበያ ወቅታዊ ሁኔታ» በሚል ርዕስ እንድናገር ጋብዘውኛል። ስለ ግብዣው ከልብ አመሰግናለሁ። ወቅታዊውን ሁኔታ በአጭሩ ላስቀምጥ። በ2017 ዓ.ም. የካቲት ላይ በኒውዮርክ የአረቢካ ቡና ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ነበር። የብራዚል ቡና በውርጭ ከተመታ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1977 የተመዘገበው ክብረ ወሰን ያን ሁሉ ዓመት ሳይደፈር ቆይቶ ተሰበረ። ብራዚልን ድርቅ መታት፣ ቬትናምንም እንዲሁ፤ ገዢዎች ተሻሙ። እኛም ዘንድ የእሸት ቡና ዋጋ አይተነው ወደማናውቀው ደረጃ ወጣ። የብዙዎቻችሁ ቤት ቆርቆሮ ተቀይሯል፤ ብድራችሁን የከፈላችሁም ትኖራላችሁ። እሰየው! ይገባችኋል፤ የላባችሁ ዋጋ ነው።

እኔ የመጣሁት ግን ይህ ዋጋ በሚወርድበት ቀን ማን እንደሚከፍል ከአሁኑ እንድንነጋገር ነው። መውረዱ አይቀርም። የወረደበትን ዘመን ደግሞ አብረን አይተነዋል።

1994 ዓ.ም.ን የረሳ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ? ወጣቶቹ ከወላጆቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። ያን ጊዜ እኔ ትምህርቴን ጨርሼ በአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሚዛን ላይ መዝጋቢ ነበርኩ። ወሩ ኅዳር ነው። ዋጋው በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጻፋል። አንድ ቀን ጠዋት የተጻፈውን ዋጋ ሰምቶ ገበሬው ከየቀበሌው ተሰለፈ። ከሰዓት በኋላ የጣቢያው ኃላፊ ከተማ ወጥቶ ስልክ ደውሎ ተመለሰና፣ ምንም ሳይናገር ሰሌዳውን በመዳፉ ጠርጎ ሌላ ዋጋ ጻፈበት። ዝቅ ያለ፣ በጣም ዝቅ ያለ ዋጋ።

ከተሰለፉት መካከል አንዲት እናት ነበሩ። የጠዋቱን ዋጋ የነገሯቸው ሸጠው ሲመለሱ መንገድ ላይ ያገኟቸው ጎረቤታቸው ናቸው። ከልጃቸው ጋር ሁለት ጆንያ እሸት ተሸክመው፣ ዳገቱን ወጥተው፣ ቁልቁለቱን ወርደው መጥተዋል። ተራቸው ሲደርስ አዲሱን ዋጋ ነገርኳቸው። አልጮሁም፣ አልተሳደቡም። የጆንያውን አፍ ፈቱና በሁለት እጃቸው እሸት ዘግነው ከፊቴ በተዘረጋው መዝገብ ላይ አፈሰሱት። «ልጄ፣ ቡናዬ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሆነ? የተበላሸውን ለይተህ አሳየኝ» አሉኝ።

አየሁት። ፍሬ በፍሬ እያገላበጥኩ አየሁት። አረንጓዴ የለበትም፤ የደረቀ፣ ተባይ የበላው የለበትም። የዚያኑ ዕለት የተለቀመ፣ ጣት ላይ የሚጣበቅ፣ ሙሉ በሙሉ የበሰለ ቀይ እሸት ነበር። ኃላፊው ከኋላዬ ቆሞ «እናቴ፣ ኒውዮርክ ወድቋል፤ እኛ ምን እናድርግ?» አላቸው። እሳቸው ግን እሱን አላዩትም፤ መልስ የሚጠብቁት ከእኔ ነበር። ቡናውን መዝገቡ ላይ ያፈሰሱት ለእኔ ነውና። የምመልሰው አልነበረኝም። የእሸቱ ጭማቂ የተወው ነጠብጣብ መዝገቡ ተሞልቶ እስኪቀየር ድረስ ከገጹ ላይ አልለቀቀም።

ሸጡት። ምን ሊያደርጉ ይችሉ ነበር? እሸት ቡና አያድርም። በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ ጆንያ ውስጥ ይሞቃል፣ ይቦካል፣ ነገ ዛሬ ያወጣውን እንኳ አያወጣም። ቤት መልሰው ከነቅርፊቱ አድርቀው ጀንፈል እንዳያደርጉት ለቃሚዎቹ ማታ ሂሳባቸውን ይፈልጋሉ። ገንዘቡን ስቆጥርላቸው የለቃሚ ሂሳብ ለይተው በመቀነታቸው አንድ ጫፍ ቋጠሩ። በሌላኛው ጫፍ የሚቋጠር ስንት እንደቀረ ያን ዘመን ያያችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ጣቢያው አልመጡም። ከማሳቸው ግማሹን ነቅለው ባሕር ዛፍ ተክለውበታል አሉኝ። በሐረር በኩል ደግሞ ገበሬው ለስንት ትውልድ የኖረበትን ቡና እየነቀለ ጫት ተከለ።

የኢኮኖሚክስ መጻሕፍት በነጻ ገበያ ሻጭና ገዢ እኩል ቆመው ይደራደራሉ ይላሉ። እኔም ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ይህንኑ ተምሬያለሁ፤ ፈተናውንም አልፌበታለሁ። ግን ንገሩኝ፤ አንዱ እስከ ማታ ካልሸጠ ንብረቱ ይበሰብስበታል፤ ሌላው መጋዘኑን ሞልቶ ለወራት መጠበቅ ይችላል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ምን ድርድር አለ? ይህን ድርድር ብሎ የጠራ ሰው በዚያ ሰልፍ ላይ ቆሞ አያውቅም!

አሁን «ኒውዮርክ ወድቋል» ወደሚለው ልምጣ፤ የዛሬው ጉዳዬ እሱ ነውና። ይህን ቃል ሰማይ በረዶ ያወረደብን ይመስል አንገታችንን ደፍተን ስንሰማው ኖረናል። በረዶን የሚያወርድ ሰው የለም። የኒውዮርክን ዋጋ የሚያወጡና የሚያወርዱ ግን ሰዎች ናቸው።

የኒውዮርኩ ገበያ ቡና የሚታይበትና የሚቀመስበት ቦታ አይደለም። እዚያ የሚሸጠው ወደፊት ቡና ለማስረከብና ለመረከብ የሚገባ ውል ነው። አንዱ ውል 37,500 ፓውንድ ነው፤ በእኛ ልኬት 1,000 ፈረሱላ ግድም። አንድ ሰው ማያ ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ 1,000 ፈረሱላ ገዛ ማለት ነው። ከሚገበያዩት መካከል ቡና ቆይ ኩባንያዎችና ነጋዴዎች አሉ። እነሱ ከዋጋ መዋዠቅ ራሳቸውን ለመጠበቅ ይገቡበታል፤ በዚህ አልጣላቸውም። ሌሎቹ ግን የሰው ገንዘብ ሰብስበው ለትርፍ የሚገዙና የሚሸጡ የገንዘብ ፈንዶች ናቸው። ቡና አይቆሉም፣ አይፈጩም፣ አንድ ጆንያ እንኳ አይረከቡም። ዛሬ ቡና፣ ነገ ወርቅ፣ ከነገ ወዲያ ነዳጅ ይገዛሉ፤ የመረከቢያው ቀን ሳይደርስ ውሉን ሸጠው ይወጣሉ። በዓመት የሚገበያየው የወረቀት ቡና ከመሬት ከሚለቀመው ብዙ እጥፍ ነው። ብራዚል ላይ ውርጭ ሊወርድ ነው ሲባል በአንድነት ይገቡና ዋጋውን ያሳብጡታል፤ ዝናብ ዘነበ ሲባል በአንድነት ይወጡና ያፈርሱታል። በዚህ መካከል የእናንተ ማሳ ላይ የተለወጠ ነገር የለም። ቡናውም ያው፣ ላቡም ያው።

ደግሞ ይህን አድምጡ። በዚያ ውል ቡናቸው ርክክብ ሊፈጸምበት የሚችል 20 አገሮች በስም ተዘርዝረዋል። ኬንያ አለች። ኡጋንዳ አለች። ሩዋንዳ አለች፣ ቡሩንዲ አለች። ኢትዮጵያ የለችም! የአረቢካ መገኛ የሆነችው አገር ቡና ለዚያ ውል ማስረከቢያ አይሆንም። የይርጋጨፌ ቡና ያልተወከለበት፣ ሊወከልበትም የማይችል ገበያ የይርጋጨፌን ቡና ዋጋ ይወስናል። የራሳችንን የሽያጭ ውል ግን አውጥታችሁ እዩት። «የኒውዮርክ ዋጋ፣ ሲደመር ይህን ያህል ሳንቲም» ይላል። ጭማሪው ብቻ ተቆርጦ ዋናው ዋጋ ክፍት ይተዋል፤ ብዙ ጊዜም የሚዘጋበትን ቀን የሚመርጠው ገዢው ነው። ቡናውን ጭነን፣ ጅቡቲ አሻግረን፣ በስንት እንደሸጥነው ሳናውቅ እንቀመጣለን። ይህ ሽያጭ ነው? ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

«ዓለም እንዲህ ነው፣ አይቀየርም» የሚሉን አሉ። እንዲህ ያልነበረበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1962 አምራችና ገዢ አገሮች ተፈራርመው ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት አቋቋሙ። እያንዳንዱ አምራች አገር ለውጭ የሚያቀርበው ድርሻ ተመደበለት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዋጋው በፓውንድ ከ1.20 እስከ 1.40 ዶላር ባለው ክልል እንዲቆይ ነበር የሚፈለገው፤ አብዛኛውን ጊዜም በዚያው አካባቢ ቆይቷል። የዚያ ጥቅም ለእኛ ገበሬ ደረሰ አልልም። በደርግ ዘመን የኮታ ቡና በመንግሥት ዋጋ ለመንግሥቱ የቡና ንግድ ኮርፖሬሽን አስረክቡ መባሉን አባቶቼ አትረሱትም፤ ገበሬውን ያኔ የበላው የገዛ መንግሥቱ ነው። ስምምነቱ ግን አንድ ነገር አሳይቷል። የቡና ዋጋ ሰዎች ተቀምጠው ሊስማሙበት የሚችል ነገር ነው።

ሰኔ 1981 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ስምምነቱ ፈረሰ። ገበያው ራሱን ያስተካክላል ተባለ። በጥቂት ወራት ውስጥ ዋጋው ወደ ግማሽ አካባቢ ወረደ። ከዚያ በ1989 ዓ.ም. ሰማይ ነካ፤ በ1994 ዓ.ም. በፓውንድ ከ45 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ተንኮታኮተ። በ2003 ዓ.ም. ተመልሶ 3 ዶላር ደረሰ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ከ1 ዶላር በታች ወረደ። ራሱን ያስተካከለው የቱ ላይ ነው?

ቬትናም ብዙ ስላመረተች ነው ይሉናል። እውነት ነው፤ ቬትናም በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከብራዚል ቀጥላ የዓለም ሁለተኛ አምራች ሆናለች። የቬትናምም ገበሬ ግን እንደ እኛው የተራበ ገበሬ ነው፤ ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም። ቡና ከመጠን በላይ ተመርቶ ቢረክስ የሚጠጣውም ሰው በርካሽ በጠጣ ነበር። በርካሽ አልጠጣም! የዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት በዚያው ቀውስ ወቅት ያወጣው ስሌት አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቡና በሚጠጡ አገሮች የሚካሄደው የችርቻሮ ሽያጭ 30 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ አምራች አገሮች ከዚያ ከ10 እስከ 12 ቢሊዮን ያገኙ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ሽያጩ ከ70 ቢሊዮን አለፈ። የአምራቾቹ ድርሻ 5.5 ቢሊዮን ሆነ። ኬኩ ከእጥፍ በላይ ሲያድግ የእኛ ቁራሽ በግማሽ አነሰ። የዚያች እናት ቡና ከጠዋት እስከ ማታ ምንም አልሆነም። የሆነው ነገር ሌላ ቦታ፣ በሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው የሆነው። ያን ቀን መዝገቤ ላይ ለፈሰሰው ጥያቄ ዛሬ የምሰጠው መልስ ይህ ነው!

በአገራችን ስላለው ብዙ ማለት እችል ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ እስከተለቀቀበት ጊዜ ድረስ አንዳንድ ላኪዎች ዶላሩን ለማግኘት ሲሉ ቡናችንን በኪሳራ እየሸጡ ትርፋቸውን ከሚያስገቡት ዕቃ ያወጡ እንደነበር በንግዱ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። በዚያም የኢትዮጵያን ቡና ስም ርካሽ አድርገውታል። በኢትዮጵያ ምርት ገበያም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቡናችን በደረጃ እየተቀላቀለ፣ የማን ማሳ እንደሆነ ሳይታወቅ ተሸጧል። የይርጋጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን ስም በንግድ ምልክትነት ለማስከበር በ1999 ዓ.ም. የተደረሰው ስምምነት መልካም ነበር፤ ስም ብቻውን ግን ከዚያ በታች የማይሸጥበት የወለል ዋጋ አይሆንም።



ለዚህ ጉባኤ የማቀርበው የውሳኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። ዩኒየናችን ከሚቀጥለው የምርት ዘመን ጀምሮ ዋጋው ክፍት የሆነ፣ ወለል የሌለው ውል አይፈርም። ወለሉን የምናሰላው ከኒውዮርክ ሳይሆን ከማሳችን ነው፤ የኩትኳቶው፣ የለቃሚው፣ የማጓጓዣው፣ የብድሩ ወለድ፣ በቤተሰብ የሚሠራው ሥራም ጭምር ተቆጥሮ። ከዚያ በታች የሚገዛ ገዢ ሌላ ቦታ ይሂድ። ገዢዎች ይሸሻሉ የሚል ፍርሃት እንዳለ አውቃለሁ። አንዳንዱ ይሸሽ ይሆናል። ይህን ቡና ፈልጎ ከዓለም ዳር የሚመጣ ገዢ ግን ሌላ ይርጋጨፌ ከየትም አያገኝም፤ ያንን የምናውቀውን ያህል እንደራደር።

ዋጋው ዛሬ ከፍ ባለበት ጊዜ ደግሞ ከትርፍ ክፍፍሉ ላይ ለክፉ ቀን የዋጋ መጠባበቂያ ይያዝ። ይህ ቅሬታ እንደሚያስነሳ ይገባኛል፤ ገንዘብ ሲገኝ መከፋፈሉ ይቀላል። 1994ን ያየ ሰው ግን የሚቃወመኝ አይመስለኝም። እያንዳንዱ የሽያጭ ውልም በስንት እንደተፈረመ በየማጠቢያ ጣቢያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፣ ገበሬው በሚያነበው ቋንቋ።

የተከበሩ ሰብሳቢ፣ የውሳኔ ሐሳቡ ጽሑፍ በእጅዎ ይገኛል። ከምሳ በፊት ለውይይትና ለድምፅ እንዲቀርብልኝ እጠይቃለሁ። አመሰግናለሁ።