ስሞታችንን ለፈጣሪ እናቅርብ
(በደሴ ከተማ በአንድ ቅሬ (እድር) ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የቅሬያችን አባላት፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

በመከራ ጊዜ ወደ ፈጣሪ ስለ መጠጋት እንድናገር ስትጠይቁኝ ወዲያው የታወሰኝ በየለቅሶ ቤቱ የምንሰማው ተግሣጽ ነው። ልጇ የሞተባት እናት ደረቷን እየደቃች ስታለቅስ አንዱ ጠጋ ይልና «በቃሽ፣ ፈጣሪን ማማረር ይሆንብሻል» ይላታል። ለደግ ብሎ ነው። እኔ ግን እንዲህ ያለው ቃል ሐዘንተኛን ከመጠጊያው ያርቃል ብዬ አምናለሁ።

ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚያከብረውን ያዕቆብን አስቡ። የዮሴፍ ቀሚስ በደም ተነክሮ ሲመጣለት ልጆቹ ሁሉ ሊያጽናኑት ተነሡ፤ እርሱ ግን መጽናናትን እንቢ እንዳለ ኦሪት ዘፍጥረት ይነግረናል። በቁርኣንም፣ በሱረቱ ዩሱፍ፣ የነቢዩ ያዕቁብ ዓይኖች ከሐዘን ብዛት ነጡ። ልጆቹ ሲወቅሱት ስሞታውን የሚያቀርበው ለአላህ ብቻ እንደሆነ መለሰላቸው። ያን ሁሉ እንባ ክህደት ነው ያለው የለም። ያለቀሰው ወደ ጌታው ነዋ! ፈጣሪውን የተወ ሰው ስሞታ ይዞ ደጁ አይቆምም።

ኤልያስስ ቢሆን? ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ለመነ። የመጣለት መልአክ አልተቆጣውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ በልቶም መልሶ ተኛ።

ይህ የሩቅ ዘመን ታሪክ ብቻ አይደለም። በሰሜኑ ጦርነት ከራያ፣ ከቆቦና ከወልዲያ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በከተማችን ትምህርት ቤቶች ተጠልለው ሳለ እንጀራ ተሸክመን ሄደንላቸዋል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ተራው የእኛ ሆነ። ፍራሽ ያዘለው፣ ሽማግሌ የደገፈው፣ ሕፃን ያቀፈው ሁሉ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ጎረፈ። በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ከፊቴ ይሄዱ የነበሩ አንዲት እናት ነበሩ፤ የነጠላቸውን ጫፍ አንዲት ትንሽ ልጅ ጨብጣለች። «ጌታዬ፣ የት ነህ?» ይላሉ። ጥቂት ይራመዱና ደግሞ «አንተ ታውቃለህ» ይላሉ። ሁለቱን እያፈራረቁ ወረዱ። ከዚያ የጠለቀ ጸሎት ሰምቼ አላውቅም። በመዝሙረ ዳዊትም «አምላካችን መጠጊያችንና ኃይላችን» የሚለው እና «አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ?» የሚለው አብረው ይጸለያሉ፤ አንዱ አንዱን አላስወጣውም።

ከተማችን በኅዳር ወር መጨረሻ ነፃ ስትወጣ ተመለስን። አንዳንዱ የተዘረፈ ቤት፣ አንዳንዱም የማይመለስ ሰው ጠበቀው። ዛሬም ማታ ማታ ለብቻቸው የሚያለቅሱ ጎረቤቶች አሉን።

«አብሽሩ» ማለት የኛ ወግ ነው፣ አይቅርብን። ነገር ግን አጠገባቸው ተቀምጠን እንበለው። ለዚህም አንድ ሐሳብ አለኝ፦ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ወንበሩ ወደ ዕቃ ቤት ከገባ በኋላ፣ ቢያንስ እስከ አርባ ቀን ድረስ ተራ ገብተን ወደ ሐዘንተኛው ቤት እንሂድ። ቡናውን እናፍላ፤ ማልቀስ የፈለገ ያልቅስ፣ መጸለይ የፈለገ ይጸልይ፣ ዱዓ የሚያደርግም ያድርግ። ተራ ለመግባት ፈቃደኛ የሆናችሁ ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን ለጸሐፊያችን አስመዝግቡ።