ቤቢያ፣ ተርኪው እና እኔ

እሺ። እየቀዳ ነው? ቀይዋ በርታለች። እሺ።

ድምፄ ካስተጋባ ይቅርታ፣ ዛሬ ከኩሽና ነኝ። ጣቶቼ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላሉ። ሦስቴ ታጥቤያለሁ። ማይኩም ሳይሸት አይቀርም።

ላወራ የነበረው ስለ መኖሪያ ፈቃዴ ነበር፣ ያው የማያልቀው ድራማ። ግን ትናንት ቤቢያ፣ ታች ያሉት የጆርጂያ አሮጊት፣ በነሱ አያት ማለት ነው፣ «ውሃ» አሉኝ። እሱን ይዤ አደርኩ።

የፈረንጆቹን አዲስ ዓመት ታሪክ ታስታውሳላችሁ አይደል? የተርኪውን። እስካሁን ካወራሁት ሁሉ ብዙ የሳቃችሁበት እሱ ነው። «ጾሙን በጣታቸው አወጡት» የሚለውን እስካሁን የምትልኩልኝ አላችሁ። እኔም ስቄ ነው ያወራሁት። አሁን ቀስ ብዬ እንደገና ልሂድበት።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ርችቱ ገና አልበረደም፣ ዋና ከተማዋ ትብሊሲ ጭስ በጭስ ሆናለች። ቤቢያ ከረሜላ አስይዘው ከበር አስወጡኝና መልሰው አስገቡኝ። በአዲስ ዓመት መጀመሪያ ቤት የሚገባውን ሰው መክቭሌ ይሉታል። የኛው እግረ ርጥብ በሉት። የዓመቱ ገድ በእግሩ ነው። አስቡት፣ ከዚያ ሁሉ ልጅና የልጅ ልጅ መሀል እኔን መረጡ።

ተቀመጥን። ሳትሲቪ መጣ፣ ተርኪ፣ ያ ትልቁ የዶሮ ዘመድ፣ ዋልነት በሚሉት ፍሬ መረቅ። ቤቢያ ትልቁን ብልት መርጠው፣ መረቁን አፍስሰውበት፣ ፊቴ አስቀመጡ። «ገናትስቫሌ» አሉኝ። ቃሉ «በአንቺ ፈንታ እኔን ያድርገኝ» እንደማለት ነው። በቃ የኛው «በሞቴ»። በሞቴ የተባለ ጉርሻ ደግሞ ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ።

እኔ ምን አልኩ? «አር ሚንዳ»። አልፈልግም። ደረቁን! ያኔ አፌ ላይ የመጣው ጆርጂያኛ እሱ ብቻ ነበር። ገና ሊደርስ አንድ ሳምንት ቀርቶታል፣ ጾመ ነቢያት ላይ ነኝ፣ እማዬ በየቀኑ ትደውላለች። «ማርኽቫ፣ ማርኽቫ» ብዬ ጨመርኩበት። ጾም ማለት ነው። ዘግይቶ ነው የመጣልኝ።

ጠረጴዛው ጸጥ አለ።

ቤቢያ ሳህኑን አዩት። እኔን አዩኝ። ከዚያ ሁለት ጣታቸውን ከተቱና ተርኪውን ብድግ አደረጉት። መረቁ ቀስ ብሎ ተንጠባጠበ፣ ወፍራም ነው፣ አይቸኩልም። አንዴ ነቀነቁትና ልጃቸው ሳህን ላይ ጣል አደረጉት። ሳህኑን ወደ እኔ መለሱ። «ማርኽቫ!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ዳቦ ቆረስኩና በላሁ። ጠርጌ ነው የበላሁት፣ ልዋሽ አልችልም።

አሁን ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ሳትሲቪ እንዴት እንደሚሠራ ያኔም አውቅ ነበር። ዋልነቱን ከነጭ ሽንኩርትና ከጨው ጋር ትወቅጫለሽ፣ ዘይቱ ወጥቶ እስኪያብረቀርቅ። ድምብላል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ቢጫ የአበባ ዱቄት። ከዚያ ኡትስኾ ሱነሊ፣ የአብሽ ዘመድ ነው፣ ሽታውም ያው አብሽ። ስሙ «የባዕድ ቅመም» ማለት ነው። አይ እናንተ፣ እኛ ቤት ስንቴ ነው የበላነው፣ እኔ ነኝ እንጂ ባዕዷ ብዬ… ተዉት። ይሄ ሁሉ በምን ይቀጥናል? ተርኪው በተቀቀለበት ውሃ! ሥጋው ቢወጣ ምን ዋጋ አለው? ጾሙ የፈረሰው ድስቱ ውስጥ ነው።

እና ትናንት ቤቢያ ባዤ ሲሠሩ ደረስኩ። ዐቢይ ጾም ነው፣ እነሱም እየጾሙ ነው፣ ፋሲካችን አንድ ቀን ነው የሚውለው። ባዤ የሳትሲቪ እህት ነው፣ ያው ዋልነት፣ ያው ነጭ ሽንኩርት፣ ግን እሳት አያይም። ሲያቀጥኑት ማሰሮውን ከፍ አድርገው አሳዩኝ። «ውሃ» አሉ። አየሁት። «ውሃ» አሉ እንደገና፣ ዓይኔን እያዩ።

ልዩነቱን ያውቃሉ ማለት ነው። ያን ሌሊትም ያውቁ ነበር ማለት ነው። ወይስ ዝም ብለው ሙያ እያስተማሩኝ ነው? ሁሌም ያስተምሩኛላ! ሽክመሩሊ የሠራሁ ቀን እንዴት እንደጮሁብኝ አልነገርኳችሁም? ራቻ በሚባል የጆርጂያ አውራጃ ውስጥ ሽክመሪ የምትባል መንደር አለች፣ ምግቡ በእሷ ስም ነው የሚጠራው። ዶሮ ነው፣ በሸክላ መጥበሻ፣ በወተትና በነጭ ሽንኩርት። ጃፓን ድረስ ሄዶ ምግብ ቤት ተሸጧል አሉ። እኔ እንደ አዲስ አበባ ልጅ ነጭ ሽንኩርቱን መጀመሪያ ዘይት ላይ ጣልኩት፣ ቡኒ እስኪሆን። ቤቢያ ራሳቸውን ያዙ። ለሳቸው ነጭ ሽንኩርት መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው፣ መዓዛው ሳይሞት። እማዬ ብታያቸው ደግሞ «ጥሬውን!» ትል ነበር።

ወደ ሳህኑ ልመለስ። ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩት የኔን ሳህን አይደለም። የሳቸውን ነው። ያን ቀን ምን ነበር የሚበሉት? ባቄላ መሰለኝ፣ ሎቢዮ። በዋልነት የተጠቀለለ ደበርጃንም ነበር። ተርኪ… ተርኪ ሲበሉ አላየሁም። ጨው ለማስቀመስም ምራታቸውን ነበር የሚጠሩት። እንደዚያ ነው የማስታውሰው፣ ግን ከትናንት ወዲህ የፈጠርኩት ሊሆንም ይችላል። የአዲስ ዓመት ማዕድ እዚህ ጾም ላይ ነው የሚውለው፣ ብዙ ሰው ይበላል፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም።

ጾመው ከነበረ እኮ… ለቤተሰቡ ሁሉ ሳይቀምሱ አበስለው፣ እኔ ፊታቸው «ጾመኛ ነኝ» ብዬ ስጮህ፣ «እኔም» አላሉም። አሳቁበት። ማንን ነው ያዳኑት? እኔን ወይስ ሳህናቸውን? እኔ ደግሞ ለእናንተ «ጾም የማያውቁ አሮጊት» አድርጌ ሸጥኳቸው። በደንብ ነው የሸጥኳቸው።

እማዬ የደወለችው ጃንዋሪ 2 ነበር። «ጾሙ እንዴት ነው?» አለችኝ። «ደህና፣ እየጾምኩ ነው» አልኳት። ያ ቀን እዚህ ቤዶባ ይባላል፣ የዕድል ቀን። እንዳሳለፍሽው ዓመቱን ታሳልፊያለሽ ይላሉ። እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ ስዋሽ ልከርም ነው፣ ሃሃ። ሃ።

ልጠይቃቸው ብዬ ዛሬ ጠዋት ወረድኩ። ነጭ ሽንኩርት ሰጥተው መለሱኝ፣ አንድ ሙሉ እስር። «ያን ቀን እርስዎም ጾመው ነበር?» በጆርጂያኛ እንዴት እንደሚባል አጥንቼ ነበር እኮ። ደረጃው ላይ ጠፋኝ።

ለማንኛውም ባዤውን እኔም ሞከርኩት። በውሃ ነው፣ መሐላ ከፈለጋችሁ እምላለሁ። ግን ትንሽ ወፈረ መሰለኝ… ወይ ጨው ነው… ቆይ፣ በሩ ተንኳኳ?